ነጠላችንን ካቴና የበላው ዕለት

የዛሬው ወሬያችን ስለ ልብስ ነው። የሠርግ እንዳይመስላችሁ፤ የሞተር ልብስ ነው!

እኛ ሁለት ሴቶች ጋዜጠኝነት ስንማር ማይክ እንጨብጣለን ብለን ነበር። ተመርቀን የጨበጥነው ግን የሞተር መሪ ሆነ። ከቢቸና ተነስተን ደብረ ወርቅንና ጉንደወይንን እያለፍን እስከ ሞጣ ለዜና በአንድ ሞተር እንመላለስ ነበር፤ አንዳችን ስንነዳ ሌላችን ከኋላ።

ልብሳችንስ? ከላይ ነጠላ፣ ከታች ሸራ ጫማ! አንድ የሐምሌ ጠዋት ከደብረ ወርቅ አለፍ እንዳልን፣ ከኋላችን የሚውለበለበው የነጠላ ጫፍ ካቴናው ውስጥ ገባ። ሌላው ጫፍ አንገት ላይ ተጠምጥሟል… ደግነቱ ነጠላው አሮጌ ነበርና ተቀዶ አተረፈን። አንዲት እናት ከማሳቸው ሮጠው መጡና፣ «ምነው ልጆቼ፣ ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለዚህ ለሚከንፍ ብረት ይለበሳል?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ወዲያ የሞተር ልብስ ተማሪዎች ሆንን። በመጀመሪያ ያማረን በቴሌቪዥን የምናየው ባለ ቀለሙ የሞቶክሮስ ልብስ ነበር። ለካስ ያ ሸሚዝ ስስና ሰፊ የሆነው በአጭር ሜዳ ላይ ለሚያልበው ተወዳዳሪ ነው። ጠጠርም ብርድም አይመክትም። ቢቸናና ሞጣ ደግሞ ሁለቱም ከ2400 ሜትር በላይ ናቸው፤ ነፋሱን ታውቁታላችሁ! ስለዚህ ከተወዳዳሪዎቹ የወሰድነው ሸሚዙን ሳይሆን ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚደርሰውን ቡትስ፣ ጓንቱን፣ መነጽሩንና የጉልበት መከላከያውን ነው። ከላይ እስከ አንገት የሚዘጋ ወፍራም ጃኬት ከሳልባጅ ገዛን። የሚንጠለጠል ነገር ቀረ። ሱሪም ቡትስ ውስጥ ይገባል፤ ማርሚታ ባት ሲያቃጥል ምሕረት የለውም።

ሄልሜት ግን ከሳልባጅ አትግዙ። ውስጡ ያለው ፎም አንዴ በአደጋ ከተጨፈለቀ አይመለስም፤ ከውጭ አይታችሁም አታውቁትም። አጥልቃችሁ ራሳችሁን ስትነቀንቁ የሚዋልል ከሆነ ሰፍቷችኋል። ጉንጭን ያዝ ያድርግ፣ ግንባርን ግን አያሳምም። ማሰሪያው ካልታሰረማ ባርኔጣ ነው! በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ፣ ሄልሜት በአደጋ የመሞትን ዕድል 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን 69 በመቶ እንደሚቀንስ አስቀምጧል።

አያያዙስ? የዋልካ ጭቃ እርጥብ ሳለ ሲያሹት ይብስበታል። ደርቆ ይራገፍና በለብታ ውኃና በሳሙና ይታጠብ። የራሰ ቡትስ እሳት ዳር አይቀመጥም፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ላይ አድርቁት (ጋዜጣ ለጋዜጠኛ እንዲህም ይጠቅማል!)። ሄልሜትን በቤንዚን መወልወል ፎሙን ይበላዋል፤ ለእሱም ውኃና ሳሙና ይበቃዋል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ለሞተራችን የተሰጠን ሄልሜት አንድ ብቻ ነበር፤ የሚያጠልቀውም የነዳ ነው። ያቺ ነጠላ ግን አንቃ ልትጥል የነበረው ከኋላ የተቀመጠችውን ነው። መንገድ ላይ ልብ በሉ፤ ሹፌሩ ሄልሜት አጥልቋል፣ ሕፃን ታቅፋ ከኋላው የተፈናጠጠችው ግን ባዶ ራሷን ናት። አስፋልቱ ግን ማን ነድቶ ማን እንደተፈናጠጠ አይጠይቅም። እኛ ከደመወዛችን አዋጥተን ሁለተኛ ሄልሜት ገዛን። ከጃኬቱም ከቡትሱም የተወደደብን እሱ ነው፤ የማይቆጨንም እሱ ብቻ ነው።

ቸር ያሰንብተን!