በጭጋግ ውስጥ መደማመጥ

ጭጋግ ሲወርድ እግረኛ ቆም ይላል፤ በዱላው መሬቱን ይዳስሳል፤ «ማነህ?» ብሎ ይጣራል። በሺህ የሚቆጠር ቶን የተሸከመች መርከብ ግን እንዲህ በቀላሉ አትቆምም። ሞተሯ ከጠፋ በኋላ እንኳ ክብደቷ ራሱ ወደፊት ይገፋታል። ስለዚህ ዓይን በከዳበት ባሕር ላይ የሰው ሕይወት ለጆሮ በአደራ ይሰጣል።

ይህ አደራ የራሱ ቋንቋ አለው። ቃላቱ ጥቂት፣ ሥርዓቱም ጥብቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውና ከ1977 ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ እንደሚያዘው፣ በሞተር የምትጓዝ መርከብ ቢበዛ በየ2 ደቂቃው፣ ከ4 እስከ 6 ሴኮንድ የሚዘልቅ አንድ ረጅም ድምፅ ታሰማለች፤ «እየሄድኩ ነኝ» ማለቷ ነው። መልህቅ ሳትጥል ጉዞዋን ያቆመች እንደሆነ ሁለት ረጅም ድምፆችን ታከታትላለች። በሸራ የምትሄደው፣ መረብ የምትጎትተው፣ መሪዋ አልታዘዝ ያላትም አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ድምፅ እያሰሙ፣ «እንደ ልብ ዘወር ማለት አልችልምና ተጠንቀቁልኝ» ይላሉ። መልህቅ የጣለችው ደግሞ ቢበዛ በየደቂቃው ለ5 ሴኮንድ ያህል ደወሏን ታጣድፋለች።

በዚህ ቋንቋ ፉከራ የለም፤ ስድብም የለም። እያንዳንዷ መርከብ የምትናገረው ስለ ራሷ ሁኔታ ብቻ ነው። ለመሆኑ ስለ ራስ እውነቱን መናገር ብቻውን ይበቃልን?

እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 1914፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ በካናዳው የሴንት ሎውረንስ ወንዝ ላይ የደረሰው እልቂት ለዚህ ጥያቄ መራራ መልስ ይሰጣል። «ኢምፕረስ ኦፍ አየርላንድ» የተባለችው የመንገደኞች መርከብ ከኩቤክ ወደ ሊቨርፑል ስታመራ፣ «ስቶርስታድ» የተባለች ከሰል የጫነች የኖርዌይ መርከብ ከፊቷ ትመጣ ነበር። ሁለቱ ገና ከሩቅ መብራት ለመብራት ተያይተዋል። ወዲያው ጭጋግ በመካከላቸው ገባ። የኢምፕረስ ካፒቴን ሄንሪ ኬንዳል ሦስት አጭር ድምፅ አሰማ፤ «ሞተሬን ወደ ኋላ አዙሬያለሁ» ማለቱ ነበር። ቀጥሎ ሁለት ረጅም፤ «ቆሜያለሁ»። ስቶርስታድም በረጅም ድምፅ መለሰች።

ማንም ዝም አላለም፤ ማንም ጆሮውን አልደፈነም። ይሁንና የኢምፕረስ መኮንኖች ቀኝ ለቀኝ፣ የስቶርስታድ መኮንኖች ደግሞ ግራ ለግራ የሚተላለፉ መስሏቸው ነበር። እያንዳንዱ ወገን የሰማውን ድምፅ አስቀድሞ በልቡ ከሣለው መንገድ ጋር አስማማው። ዳግመኛ በተያዩ ጊዜ ርቀቱ አልቆ ነበር። ስቶርስታድ የኢምፕረስን ጎን ሰነጠቀች፤ ኢምፕረስም በ14 ደቂቃ ሰጠመች። ከተሳፈሩት 1,477 ሰዎች 1,012ቱ አለቁ። በኋላም የካናዳው መርማሪ ጉባኤ ጥፋቱን በስቶርስታድ ላይ፣ የኖርዌዩ ምርመራ ግን በኢምፕረስ ላይ ጣለው። በየብስም ላይ ቢሆን ሁለቱ ወገኖች ሳይግባቡ ቀሩ።

ጆሮም ቢሆን ያሳስታል። ጆን ቲንደል የተባለው የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1873 በእንግሊዝ አገር፣ በሳውዝ ፎርላንድ፣ ጥሩምባና መድፍ እያስጮኸ ሲመረምር፣ ድምፅ በጠራ ቀን ሊታፈን፣ በጭጋግ ውስጥም አጥርቶ ሊሰማ እንደሚችል ተገነዘበ። ድምፁ ስለ ደከመ መርከቢቱ ሩቅ ናት፣ ስለ በረታም ቅርብ ናት ማለት አይቻልም። ራዳር ከመጣ በኋላም ቢሆን የግምት አደጋ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1956 «አንድሪያ ዶሪያ» እና «ስቶክሆልም» አስቀድመው በራዳር እየተያዩ ተጋጭተው 51 ሰዎች ሞተዋል።

ስለዚህ ደንቡ በተናጋሪው ላይ ብቻ ሳይወሰን፣ በአድማጩም ላይ ግዴታ ይጥላል። የጭጋግ ድምፅ ከፊት ለፊቱ የመጣ የመሰለው ሁሉ፣ የግጭት ሥጋት አለመኖሩን ካላረጋገጠ በቀር፣ መርከቢቱ አቅጣጫዋን ለመያዝ እስከሚበቃት ድረስ ፍጥነቷን እንዲቀንስ፣ ካስፈለገም ጨርሶ እንዲያቆማት ታዟል። ሰምቻለሁ የሚል ሰው፣ መስማቱ የሚታወቀው እርምጃውን በማዝገሙ ነው።

ዛሬም በጭጋጋማ ሌሊት ተረኛው መኮንን ወደ ማዘዣው ሰገነት ዳር ይወጣል። የራሱ ጥሩምባ ከጮኸች በኋላ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ያ ዝምታ የንግግሩ ግማሽ ነው፤ ከዚያ ማዶ ያለውም ሰው ሕይወቱ በዚያ ዝምታ ውስጥ ትገኛለች።