ሪኮርደሩ ቤታችን ሲገባ

ባለፈው መስከረም አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ወደ ቡራዩ በታክሲ ስጓዝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ደወለችና «እማዬ፣ አክስቴ ከጀርመን ሪኮርደር ልካልናለች» አለችኝ። ጋዜጠኛ ነኝና ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ የድምፅ መቅጃዬ ካረጀ ቆይቷል። ቤት ስደርስ ግን ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁት ሁለት ነጫጭ የፕላስቲክ ዋሽንቶች ነበሩ። ለካስ በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ብዙ ሕፃናት ሙዚቃ የሚጀምሩበት መሣሪያም ስሙ ሪኮርደር ኖሯል።

መሣሪያው ከፊት ሰባት፣ ከኋላ ለግራ እጅ አውራ ጣት አንድ ቀዳዳ አለው። አፉ እንደ ፊሽካ ስለተሠራ ማንም ቢነፋው ይጮኻል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ቀስ ብለው ሲነፉት ይለሰልሳል፣ በኃይል ሲነፉት ጆሮ ይበሳል። ልጆች ደግሞ ቀስ ብሎ መንፋት የሚባል ነገር አያውቁም።

ባለቤቴ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ያውም የሌሊት ተረኛ ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እሱ እንቅልፍ ላይ ነው፤ እነሱ ጥናት ሲጀምሩ እሱ ይወጣል። ይህን ኑሮ የምታውቁት እናቶች ብዙ ናችሁ፤ የድስት ክዳን እንኳ በጥንቃቄ ነው የሚነሣው። በሦስተኛው ቀን ከአልጋው ተነሥቶ መሣሪያውን ከልጄ እጅ ነጠቀና ግቢ ወረወረው። አልተሰበረም። ልጅቱ አንድ ቃል ሳትናገር አንሥታ አጠበችው፤ ከደብተሮቿ ሥርም ቀበረችው። ከዚያ ወዲያ አባቷ ሲገባ እሷ ጓዳ ትገባለች። ሳምንት ሙሉ «እንዴት አደርክ» እንኳ አልተባባሉም፤ እኔ በሁለቱ መካከል መልእክተኛ ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ ከመጀመሪያው ሰዓት መወሰን የነበረብኝ እኔ ነኝ።

እሑድ ቡና ላይ አማቴ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩትና «ከሱሉልታ ማዶ ከብት ስትጠብቅ፣ አንተ ዋሽንትህን ስትነፋ በሬው የሰው ገብስ ውስጥ ገብቶ አባትህ የገረፈህን ረሳኸው?» አሉት። ልጆቼ አባታቸው ዋሽንት ይነፋ እንደነበረ ያወቁት ያን ቀን ነው። እኔም ብሆን፣ ከአሥራ አራት ዓመት ትዳር በኋላ!

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኑ መርካቶ ወርዶ የሸምበቆ ዋሽንት ይዞ መጣ። የግቢያችን ሽማግሌ በኦሮምኛ «ኡሉሌ» እያሉ በደስታ አገላብጠው አዩት። ዋሽንት የፊሽካ አፍ የለውም፤ ከንፈርን ጠርዙ ላይ አጋድሞ ትንፋሽን መሰንጠቅ ያስፈልጋል። ባለቤቴ ነፋ፤ የወጣው ባዶ ነፋስ ነው። ደገመ፤ አሁንም ነፋስ። ልጄ ጓዳው በር ላይ ቆማ ስታይ ኖሮ ሳቋ አመለጣት። «አባዬ፣ ይልቅ በእኔ ሞክረው» ብላ ሪኮርደሯን ዘረጋችለት።

ከዚያ በኋላ ከ11 ሰዓት እስከ 11 ተኩል፣ እሱ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት፣ የቤተሰቡ ሰዓት ሆነ። በግራ እጅ ጣቶች ብቻ በሚወጡ ሦስት ድምፆች ጀመርን። ከሁላችን የባስኩት ደካማ እኔ ነኝ። ሽንኩርት ስከትፍ የሚታዘዙኝ ጣቶች እዚህ ላይ አልታዘዝ አሉኝ። የስምንት ዓመቱ ልጄ ደግሞ ትንሿ ጣቱ ታችኛው ቀዳዳ ላይ ስለማትደርስ ዝቅተኛው «ዶ» ላይ ሁልጊዜ ይጮኽበታል።

የዋሽንቱ አራት ቀዳዳዎች ሲደፈኑ አንድ፣ በየተራ ሲከፈቱ አራት፣ በድምሩ አምስት ድምፅ ይሰጣሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም በአምስት አምስት ድምፅ የተሠሩ ቅኝቶች ናቸው። ልጄ ይህን ስትሰማ ከሪኮርደሯ «ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ»ን መርጣ ትዝታን አገኘችው። ይሁንና ከአባቷ ዋሽንት ጋር አብራ ስትነፋ ጥርስ ያስፋጫል። ዋሽንት በሠሪው ልክ ስለሚቃኝ ነው፤ ዋሽንተኞች በርከት ያሉ ዋሽንቶች የሚይዙትም ለዚሁ ነው። ክራርን፣ ማሲንቆን፣ በገናንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ ያሰባሰበው፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ስንት ደክሞ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ባለቤቴ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሳብበት የፕላስቲክ ቱቦ ገዝቶ፣ ምስማር በከሰል እያጋለ መብሳት ጀመረ። ቱቦው ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ ቀዳዳው ሲሰፋም እንዲሁ። አንዴ ያለ ልክ የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ መመለሻ የለውም። ልጄ ድምፁን በሪኮርደር እየሰጠች «ወፈረ! ትንሽ ጨምር! ኧረ በቃ፣ ቀጠነ!» ትለዋለች። ሁለት ቱቦ ተበላሸ፤ ቤቱ በተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ታፈነ፤ አማቴ እያጉረመረሙ መስኮቱን ከፈቱ። ሦስተኛው፣ ከአንዷ ቀዳዳ በስተቀር፣ ገጠመ። የዚያን ዕለት ማታ አባትና ልጅ አንዱን ዜማ ሰባት ጊዜ ያህል ደጋገሙት። ሽሮዬ አረረ።

ባለፈው ሳምንት የባለቤቴ ተራ ተለውጦ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ይገባል። ግማሽ ሰዓታችን ቀረች። ልጄ ያረጀውን የድምፅ መቅጃዬን ለምና ወሰደችና ማታ ማታ የተለማመደችውን ትቀዳለች፤ አባቷ በሻይ ዕረፍቱ ያዳምጣል። ትናንት ጠዋት «ሦስተኛዋ ላይ ቸኩለሻል» የሚል ወረቀት ሪኮርደሯ ሥር አገኘች። «አልቸኮልኩም» ብላ ከሥሩ ጽፋ፣ ወረቀቱን የምሳ ዕቃው ላይ አስቀምጣለት ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።