ከልጆች ጋር ወደ ቢቸናና ሞጣ፤ ለጉዞ ምን ያህል ማቀድ ይበቃል?



«የዘንድሮውን ዕረፍት ልጆቼን ይዤ የት ልሂድ?» የሚለው ጥያቄ በየቤታችሁ ሳይነሣ አይቀርም። አንዳንዶቻችሁ ከዓመት በፊት ገንዘብ እየቆጠባችሁና ቀን እየቆጠራችሁ ትዘጋጃላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ በዋዜማው ስንቃችሁን ቋጥራችሁ «የመንገዱን መንገድ ያውቀዋል» ብላችሁ ትነሣላችሁ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ሁለት ልጆቼን ይዤ ወደ እናቴ አገር፣ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ቢቸናና ሞጣ ያደረግሁትን ጉዞ መነሻ በማድረግ ዛሬ ስለዚሁ ጉዳይ ላጫውታችሁ።

በባሕር ማዶ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ልጆቻቸውን ወደ ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች ለመውሰድ ሲያስቡ ወራት ቀደም ብለው ቲኬት ይገዛሉ፤ የትኛው መጫወቻ በስንት ሰዓት እንደሚጎበኝ ሳይቀር በወረቀት ያሰፍራሉ። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ዲዝኒላንድ የተባለው ታዋቂ ፓርክ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1955 በሩን ሲከፍት፣ ከተጠሩት እንግዶች ሌላ በሐሰተኛ ቲኬት የገባው ሕዝብ ግቢውን አጨናንቆት ነበር። የቧንቧ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ስለ ነበር የሚጠጣ ውሃ በበቂ አልተገኘም። አስፋልቱም ገና አዲስ ስለ ነበር በሙቀቱ ለስልሶ የሴቶቹን የጫማ ተረከዝ እየያዘ አስቸገረ። ያን የመሰለ ገንዘብ የፈሰሰበት ሥፍራ እንኳ በዝግጅት ጉድለት እንዲህ ከሆነ፣ በደመወዟ ልጆች የምታሳድግ እናት አስቀድማ ብታስብ ማንም አይፈርድባትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለም?

ይሁንና ማቀድም ልክ አለው። እኔ የጎጃሙን ጉዞ ያቀድሁት ለሦስት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት «ትንሹ ልጅ በእግሩ ይጠንክር» አልሁ። በሁለተኛው ዓመት «ዕቁቤ ይውጣልኝ» አልሁ። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ «እጅ መንሻው በቂ አይደለም፤ ለአያቴ ጋቢ፣ ለአክስቴ ቀሚስ ሳልይዝ በምን ፊቴ እሄዳለሁ?» ብዬ ተውሁት። ሞጣ የሚኖሩት አያቴ በስልክ በተገናኘን ቁጥር «መቼ ነው የምትመጪ?» ይሉኛል። እኔም «ለመስከረም»፣ አልፎም «ለፋሲካ» እላለሁ። አንድ ቀን ግን ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ አንቺ ቀን ስትቀጥሪ እኔን ቀኑ እየቀደመኝ ነው» አሉኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም። በማግሥቱ የዓመት ፈቃድ ጠየቅሁ።

ጊዜውን የመረጥሁት በትምህርት ቤቶች የአጋማሽ ዓመት ዕረፍት ነው። በዚህ አልተሳሳትሁም። ብዙዎቻችን ልጆቻችን ረጅም ዕረፍት የሚያገኙት በክረምት በመሆኑ በሐምሌና በነሐሴ ለመጓዝ እናስባለን። የጎጃም ክረምት ግን ዝናቡ የበረታ፣ ጥቁር አፈሩም ጭቃው እግር የሚይዝ ነው። የዓባይ በረሃ መንገድም በክረምት ጭጋግና ናዳ አያጣውም። በጥር ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ እህሉ ተሰብስቧል፤ ገበሬውም እንግዳ ለመቀበል ፋታ ያገኛል።

ከጉዞው በፊት በነበሩት ሳምንታት በደብተሬ አራት ገጽ ሙሉ ዕቅድ ጻፍሁ። በመጀመሪያው ቀን ቢቸና ገብተን ከሰዓት በኋላ ዲማ ጊዮርጊስን እናያለን፤ በሁለተኛው ቀን ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም፤ በሦስተኛው ሞጣ፤ በአራተኛው ሰባራ ድልድይ፤ በአምስተኛው ባሕር ዳር፤ በስድስተኛው መመለሻ። የምንበላበት ሰዓት ሳይቀር ተጽፎ ነበር።

ይህ ዕቅድ የጸናው እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ገና ሳይነጋ ተነሣን። ፍቼን አልፈን ጎሐ ጽዮን ደረስንና ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ጀመርን። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ቁልቁለትና ዳገት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደጋው ብርድ ተነሥታችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከባድ ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ፤ መንገዱም እንደ መቀነት ይጠማዘዛል። የስምንት ዓመቷ ልጄ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ወዲያው ያስመልሳት ጀመር። ከእኛ ኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ከዘንቢላቸው ሎሚ አውጥተው «አሽትቻት፣ ከመስኮቱ አጠገብ አድርጊያት፣ ሩቅ ትይ» አሉኝ። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውንና በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ አገልግሎት የጀመረውን የሕዳሴ ድልድይ ለልጆቼ በኩራት ላሳያቸው አስቤ ነበር። ልጄ ግን ዓይኗን ጨፍና አለፈችው። በአራቱ ገጽ ዕቅዴ ውስጥ ልጅ በመንገድ ሊታመም እንደሚችል አንድም መስመር አልተጻፈም ነበር።

ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፤ ሁለተኛው በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል አድርጎ ባሕር ዳር ይደርሳል። እኛ ሁለተኛውን ይዘን ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ቢቸና ገባን። አክስቴ ልጂቱን አይታ «ዛሬ ዲማ የሚባል የለም» አለችና እግሯን አጥባ አስተኛቻት። በማግሥቱም አልተንቀሳቀስንም።

ነገር ግን ያልታቀደው ቀን ከታቀዱት ሁሉ በለጠ። ቢቸናና አካባቢዋ በጤፍ የታወቁ ናቸው። የአክስቴ ጎረቤት አውድማቸው ላይ የመጨረሻውን ጤፍ ያበራዩ ነበርና ልጆቹን ይዘን ሄድን። በሬዎቹ ሲዞሩ፣ ጎልማሶቹ በመንሽ ገለባውን ሲያነሡ፣ ፍሬው በላይዳ ወደ ላይ ሲበተንና ነፋሱ ገለባውን ሲወስደው ልጆቼ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። የአራት ዓመቱ ልጄ አንድ እፍኝ ጤፍ ይዞ «እማዬ፣ እንጀራው የት አለ?» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። ከተማ ተወልደው እንጀራን ከሱቅ ብቻ ለሚያውቁ ልጆች ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ከየት ይገኛል?

በሦስተኛው ቀን ዲማ ጊዮርጊስ ሄድን። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪክ ከሚፈጸምባቸው ሥፍራዎች ዋነኛው ዲማ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ የሰማችሁ እናቶች፣ ሰብለ ወንጌል በዓይነ ሕሊናችሁ የታየችበት አገር ይህ ነው። ለእኔ ልብ የሚነካ ነበር። ልጆቼ ግን እውነቱን ብነግራችሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ይልቅ በደጁ ያገኙትን አህያ ወደዱት። አልተቆጣሁም።

ሞጣ ስንደርስ ዕቅዴ በሁለት ቀን ዘግይቶ ነበር። ሞጣ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ደጋ ከተማ ናት። የሞጣ ጊዮርጊስን ደብር የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው፤ ይህም የሆነው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ሳናያት ያለፍናት መርጡለ ማርያምም ከ500 ዓመት በፊት ገደማ በእቴጌ እሌኒ የተሠራች ናት። በዚህ መንገድ ስታልፉ የሴቶች እጅ የተከላቸው ታላላቅ ደብሮች እንዳሉ ለሴቶች ልጆቻችሁ ንገሯቸው።

አያቴ ከደጃፍ ቆመው ነበር። የያዝሁትን ጋቢ ሳያዩ ልጆቹን ሁለቱን በአንድ ላይ አቀፉ። «እሰይ! ዓይኔ አየ» ብቻ አሉ። ሦስት ዓመት ያዘገየኝ እጅ መንሻ እስከ ማታ ሳይፈታ እግድግዳው ሥር ቀረ።

ሰባራ ድልድይን አላየነውም። ወደዚያ የሚወስደው የዓባይ ቁልቁለት ለሕፃን እግር የሚሆን አይደለም፤ ቀኑም አልበቃን። ነገር ግን አያቴ ምሽት እሳት ዳር ሆነው ለልጆቹ አወሩላቸው። ድልድዩ በ17ኛው መቶ ዓመት በአፄ ፋሲል ዘመን ጎጃምንና ጎንደርን እንዲያገናኝ የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች የጠላትን መሻገሪያ ለመቁረጥ ቅስቱን ሰበሩት። ከዚያ በኋላ ሰው በገመድ ታስሮ እየተጎተተ ሲሻገር ኖረ። በገመድ የመሻገሩ ፎቶግራፍ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ወጥቶ ያየ ሰው ነው «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለውን ድልድይ የሚሠራ ድርጅት ያቋቋመው። ያ ድርጅት ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድዮችን ሠርቷል። ልጄ እስከ ዛሬ «ገመዱ ቢበጠስስ?» እያለች ትጠይቀኛለች። ቦታውን ሳታይ ታሪኩን ይዛ ተመለሰች።

አሁን ደግሞ ጥፋቴን ልንገራችሁ። የምበላበትን ሰዓት የጻፍሁ ሴት የመመለሻውን መኪና አላሰብሁበትም ነበር። ጥር 18 ቀን የጊዮርጊስ፣ ጥር 21 ቀን የአስተርዮ ማርያም በዓል ነው፤ ተሳላሚው ብዙ በመሆኑ ከሞጣ የሚነሣው መኪና ሁሉ ሞልቶ ሁለት ቀን ጠበቅን። ፈቃዴ አለቀ፤ ለአለቃዬ በስልክ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ገንዘቤም ስላነሰኝ ከአክስቴ ተበደርሁ። ባሕር ዳርም በዚሁ ቀረ። ይህን ሁሉ ቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይቻል ነበር።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ከዚህ ጉዞ የተማርሁትን ባጭሩ ላካፍላችሁ።

መንገድ ላይ ሊታረም የማይችለውን ነገር አጥብቃችሁ አቅዱ። አንደኛ ወቅቱን፤ ሁለተኛ የመመለሻውን መኪናና የመመለሻውን ገንዘብ። የመመለሻውን ገንዘብ ለብቻ ቋጥራችሁ አትንኩት። ሦስተኛ የመጀመሪያውን ሌሊት ማደሪያ፤ አራተኛ የልጆችን ጤና። መንገድ የሚያማቸው ልጆች ከጉዞ በፊት ሆዳቸው እስኪሞላ አይብሉ፤ የሐኪም ወይም የፋርማሲ ባለሙያ ምክር ጠይቁ። ተቅማጥ ቢነሣ የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት ያዙ፤ አንዱ ፓኬት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ለሌሊቱ ብርድ ሹራብ፣ ለበረሃው ስስ ልብስ አትርሱ። አምስተኛ ፈቃዳችሁን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ከዚህ ላይ ሁለት ቀን ለመዘግየት ብላችሁ አስቀሩ።

የቀረውን ግን ልቀቁት። በቀን ከአንድ ሥፍራ በላይ አትጻፉ። ልጅ አውድማ ላይ ሲቀር «ና፣ ሰዓት ደረሰ» አትበሉት።

ከሁሉም በፊት ግን የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገዶች በየጊዜው ተዘግተዋል፤ ብዙ ቤተሰብም ተለያይቷል። እኔ በ2011 ዓ.ም. የሄድሁበትን መንገድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ አሁኑኑ ሂዱበት አልላችሁም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልጆቿን ወደ ቢቸና ለመውሰድ ገንዘቡንም፣ ልብሱንም፣ ቀኑንም አሟልታ ሳለ መንገዱ ተዘጋባት። እናቷ እዚያ፣ እሷ እዚህ ናቸው። መንገዱ አስተማማኝ እስኪሆን ልጆቹ አያታቸውን በስልክ ያናግሩ። ስለ ልጅነታቸው ይጠይቋቸው፤ ድምፃቸውንም ቅዱት። ይህ ዝግጅት የማይጠይቅ ጉዞ ነው።

አያቴ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ዐረፉ። ልጆቼ ዛሬም ጤፍ ሲያዩ አውድማውን፣ ገመድ ሲያዩ የአያታቸውን ወግ ያነሣሉ። ያን ጥር ደግሞ አንድ ዓመት ጨምሬ አቅጄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፍላችሁ ይህን አልነበረም።

እናንተም መንገዱ ሰላም የሆነላችሁ፣ የሚጠብቃችሁም ሰው ያለላችሁ፣ ጋቢው እስኪገዛ አትጠብቁ።

መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ!