የጄራኒየም ጠብታ የዘር ሐረግ

አሰላ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጠዋት ብርዱ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ የተረፈውን ይለበልባል። ድሮ መድኃኒቱ ለጋ ቅቤ ነበር፤ ቀጥሎ ቫዝሊን መጣ፤ አሁን ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶች ቦርሳ ውስጥ ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ አይጠፋም። የጄራኒየም ዘይት ነው። ላዩ ላይ «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ አለው። ቅቤ እንዲህ ያለ ምስክር ወረቀት ተጠይቆ አያውቅም።

መዓዛው የሚወጣበት ተክል፣ የዕፅዋት ሊቃውንት ፔላርጎኒየም የሚሉት፣ የትውልድ አገሩ ደቡባዊ አፍሪካ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በመርከብ ወደ አውሮፓ ተወሰደ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ሽቶ ሠሪዎች ግራስ በምትባል ከተማ ዙሪያ ዘይቱን ማውጣት ጀመሩ፤ እርሻው ወደ አልጄሪያና ወደ ሬዩንዮን ደሴት ተሻገረ፤ ዛሬ ግብፅና ቻይና ዋነኞቹ አምራቾች ናቸው። ይህ ሁሉ መንከራተት በጽጌረዳ ምክንያት ነው። 1 ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት በሺህ ኪሎ የሚቆጠር አበባ ይበላል። የጄራኒየም ቅጠል (አበባው አይደለም) ደግሞ በጽጌረዳ ዘይት ውስጥም የሚገኙትን ሲትሮኔሎልንና ጄራኒዮልን በርካሽ ይሰጣል። አፍሪካዊው ተክል የጽጌረዳ ምትክ ሆኖ ተቀጠረ፤ አሁን በጠብታ ተለክቶ ወደ እኛ ይደርሳል።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም ነበር። ከሻሸመኔ አለፍ ብሎ የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ይህንኑ ተክል ከሌሎች መዓዛማ ዕፅዋት ጋር ሲያጠና ኖሯል። አወጣጡም ለአገሬው እንግዳ አይሆንም፦ ቅጠሉን በእንፋሎት ማፍላት፣ እንፋሎቱን በቱቦ መርቶ ማቀዝቀዝ፣ ከውሃው ላይ የሰፈፈውን ዘይት መለየት። አረቄ የምታወጣ ሴት ይህን ብታይ «ጌሾው የታለ?» ብላ ነው የምትስቀው። በየበረንዳው በዘይት ቆርቆሮ የሚተከለውን ጄራኒየም ቀጥፎ ማፍላት ግን አያዋጣም፤ ያ ሌላ ዘመድ ነው፣ ሽታውም ጽጌረዳን አያስታውስም።

አንዱን ጠርሙስ ለአክስቴ ሰጠኋት። በመዳፏ ጠብ አድርጋ አሸችው፣ አሸተተችው፣ ጠበቀች። «ደረቀብኝ እኮ! ዘይት ነው አላልክም?» አለችኝ። ነገሩን በአንድ ጊዜ ጨረሰችው። ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ ይተናል፤ ቆዳን የሚያለሰልስ ስብ የለውም። ሳያቀጥኑ ቆዳ ላይ ማፍሰስም ሊያቃጥል፣ አለርጂም ሊያስነሳ ይችላል፤ ጄራኒዮልና ሲትሮኔሎል በአውሮፓ ሕብረት ሕግ በመዋቢያዎች መለያ ላይ በስማቸው መጠቀስ ካለባቸው አለርጂ ቀስቃሾች መካከል ናቸው። የተለመደው ልክ በ30 ሚሊ ሊትር የወይራ ወይም የኑግ ዘይት 6 ጠብታ ያህል ነው፤ ማለትም 1 በመቶ። 99 በመቶውን ሥራ የሚሠራው ሌላው ዘይት ነው፤ በጠርሙሱ ላይ ስሙ የሚጻፈው ግን ጄራኒየም ነው።

የግራስ ሽቶ ሠሪዎችም መዓዛ ስብ እንደሚያስፈልገው አልሳቱም። መዓዛው በእንፋሎት የማይወጣላቸውን የጃስሚን አበባ የተጣራ የእንስሳ ስብ በተቀባ መስታወት ላይ እየደረደሩ ስቡ መዓዛውን እንዲጠጣ ያደርጉ ነበር። አናት ላይ በሚቀባ ቅቤ ውስጥ መዓዛ ያለው ቅጠል ከሚያሹ እናቶቻችን የሚለያቸው መስታወቱና ዋጋው ነው።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ደረቷን ነፋች። ታዲያ አንድ ነገር ደበቅኳት፣ ቆይቼ ግን አላስቻለኝም። በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ የአርሲን ላም ከፍሪዥያን ኮርማ ጋር ያዳቅል ነበር። የሰፈሩ ቅቤም ቢሆን በአባቱ ወገን ፈረንጅ ሊሆን ይችላል አልኳት።

«ላሟ ግን የኛ ናት» አለችና ጠርሙሱን ከቅቤው ቅል አጠገብ አስቀመጠችው፤ በኋላ እንደሰማሁት፣ ሁለት ጠብታ ጨምራበታለች።