ሱሉልታ ያደርንበት ሌሊት

ሰኔ 30 ለመሥሪያ ቤቶች የዓመቱ ሂሳብ መዝጊያ ነው። ለእኛ ቤት ግን የጡት ጉዳይ ሆኖ መጣ።

ልጄ በአንድ የግል ድርጅት የንብረት ሂሳብ ሠራተኛ ናት። ድርጅቱ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ መጋዘኖች አሉት። የዓመቱ ቆጠራ የሚካሄደው ዕቃ መግባትና መውጣት ሲያቆም፣ ማለትም ማታ ነው። «ሦስት ሌሊት እዚያው ታድራላችሁ፣ ውሎ አበል ይታሰብላችኋል» ተባሉ። የአሥር ወር ጡት የሚጠባ ልጅ እንዳላት ብትናገር አለቃዋ «ካልተመቸሽ የሚተካሽ አይጠፋም» አላት። ባሏ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በወር ስንት ሌሊት ቤቱ እንደሚያድር በጣቴ ቆጥሬ ልነግራችሁ እችላለሁ። ሕፃኑ ለእኔ ቀረ።

የመጀመሪያው ሌሊት ሰበታ ነበር። ሰበታ በጅማ መንገድ ከመሃል አዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሮ ስሙ ሲነሳ የሚታወሰን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱና ሜታ ቢራ ነበር፤ ዛሬ ከዓለም ገና ጀምሮ ግራ ቀኙ የፋብሪካና የመጋዘን አጥር ነው። በ2010 መደበኛ ሥራውን የጀመረው የጅቡቲው ባቡር ሐዲድም የሚነሳው ከዚሁ ነው። እኔም የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። አባቴ በአሮጌው ባቡር ወደ አዋሽና ወደ ድሬዳዋ ሲወጣ እናቴ ጋቢውን ወንበሩ ላይ ዘርግታ ትተኛ ነበር። ያኔ ውጭ የሚያድረው አባት ነበር። የምታጠባ እናት ለሥራ ውጭ ታድራለች ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሕፃኑ ጡጦውን አሽቀንጥሮ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አለቀሰ። ወተቱን፣ አጥሚቱን፣ እሹሩሩውን ሁሉ ሞከርኩ። ልጄም በበኩሏ ጡቷ በወተት ተወጥሮ፣ መጋዘኑ መጸዳጃ ቤት ገብታ በእጇ እያለበች ስታፈሰው እንዳደረች የነገረችኝ በማግስቱ ነው።

ስለ ቡራዩ ብዙ የማወራው የለኝም። በአስኮ በኩል ወጥታችሁ ገፈርሳ ግድብ ሳትደርሱ የምታገኙት ከተማ ነው፤ ከሦስቱ ለከተማችን የሚቀርበውም እሱ ነው። ነገር ግን ቆጠራው የሚያልቀው ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም፤ ድርጅቱም መኪና አልመደበም። እዚህ ቅርብ ሆኖ አለመድረስ ከሩቅ አገር ይልቅ ያናድዳል። ያን ሌሊትም እንደ ፊተኛው አነጋነው።

ጠዋት አንድ ሕግ የሚያውቁ ጡረተኛ ጎረቤታችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይዘው መጡ። አዋጁ ነፍሰ ጡር ሴትን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል። ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። የሌሊት ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። የአሥር ወር ሕፃን ያላትን እናት ግን ከእነዚህ መሃል የት እንደምናስገባት አላገኘንም። ጎረቤቴ መነጽራቸውን አውልቀው ሻያቸውን ጠጡ።

እኔም ሦስተኛውን ቀን ሕፃኑን አዝዬ ተነሳሁ።

«እማዬ፣ ብርዱስ?» አለችኝ በስልክ።

«ብርዱን ለእኔ ተዪው።»

ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ ይዛችሁ በእንጦጦ ትከሻ፣ በባሕር ዛፉ መሃል ትወጡና ቁልቁል ስትሉ ሜዳው ድንገት ይከፈታል። ክረምቱ ሲወጣ ድርቆሽ የሚታጨድበት ሜዳ ነው፤ በሰኔ መጨረሻ ግን ውሃ አቁሮ፣ ከብቶቹ ጭቃ ውስጥ ቆመው ነበር ያየኋቸው። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ አንድ ፔንሲዮን አገኘሁ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ «እማማ፣ ብቻዎን ነዎት?» ብትለኝ ጋቢዬን ገለጥ አድርጌ «ከዚህ ሰውዬ ጋር ነኝ» አልኳት። ሳቀችና ተጨማሪ ብርድ ልብስ አመጣችልኝ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ልጄ አስፋልቱን ሮጣ ተሻግራ መጣች። የፈቀዱላት 20 ደቂቃ ነው። ፀጉሯ የካርቶን ብናኝ ለብሷል። በዚያ ብርድ እጇንና ደረቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች። ሕፃኑ ገና ድምፅዋን በር ላይ ሲሰማ እጁን ዘረጋ። ያዘና ጠባ፤ ጉሮሮው ሲንቆረቆር ይሰማኝ ነበር። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እሷም እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት።

እኔ ሰዓት እያየሁ ቁጭ አልኩ። እናትና ልጅን ላገናኝ ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ፣ ቀስቅሼ የምለያያቸው እኔው ሆንኩ። 20 ደቂቃው አለፈ። 25 ሲሆን ትከሻዋን ነካሁ። ሕፃኑን ከጡቷ ሳላቅቀው አልነቃም፤ እሷ ግን ደንግጣ «ስንት ሰዓት ሆነ?» አለች። ያ ከሰበታው ለቅሶ ይበልጥ ከበደኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተመልሳ አጠገባችን ስትተኛ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

ጠዋት የፔንሲዮኑ ዘበኛ «አካም ቡልተን» አሉኝ። በአማርኛ «እንዴት አደራችሁ» ማለት ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ የምንጠያየቀው ስለ ሌሊቱ ነው። እኛ አርሶ አደር፣ ሠርቶ አደር እንላለን፤ በኦሮምኛም ገበሬው «ቆቴ ቡላ» ነው፣ ያው ቆፍሮ አዳሪ። ሠርቶ ማደር ይህን ያህል ቤት ያስለቅቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከውጭ በጭጋጉ ውስጥ ሯጮች ተከታትለው ያልፋሉ፤ ሱሉልታ የሯጮች መንደር ነው። ሕፃኑ በመስኮት እያያቸው እግሩን ያወራጫል።

ታክሲ ውስጥ ልጄ እንደ ልማዷ ሂሳብ ያዘች። ከሦስቱ ሌሊት ውሎ አበል የእኔን አልጋና ትራንስፖርት ቀነሰች፤ የቀረው ለሕፃኑ ዳይፐር መግዣ ይሆናል። በቅጹ ላይ ለአያት የሚሆን መስመር የለም። «እማዬ፣ በታኅሣሥ ደግሞ የግማሽ ዓመት ቆጠራ አለ» አለችኝ። ያን ጊዜ ልጁ ዓመት አልፎት ይሆናል ብዬ በልቤ ወራቱን ስቆጥር ረዳቱ «አዲሱ ገበያ! አዲሱ ገበያ!» ብሎ ጮኸ፤ ተኝቶ የነበረውም ሰውዬ ነቃ።