ሪሲቨሩ አልሞተም፤ ኮንቨርተሩን እንይ

በደሳ ውስጥ ዲሽ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይቺን ጥያቄ ያውቃታል፦ «ቀይ መብራቱ ይበራል፤ ታዲያ ለምን አይነሳም?» አብዛኛውን ጊዜ ሶፍትዌሩ ወድቆ ነው። አንዱ በፍላሽ የሌላ ሞዴል ፋይል ይጭንበታል፣ ወይም እየጫነ ሳለ መብራት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሪሲቨሩ «ቡት» ወይም «ኦን» ላይ ተቸክሎ ይቀራል። ፍላሽ መልሶ መሰካት አይረዳም፤ ፍላሹን የሚያነበው ሶፍትዌር ራሱ ነው የወደቀው። የቀረችው መግቢያ በጀርባ በኩል ያለችው ባለ ዘጠኝ እግር ሶኬት፣ አርኤስ-232 ናት።

ይቺ ሶኬት በዕድሜ ከብዙዎቻችን ትበልጣለች። መስፈርቱ በአሜሪካ የወጣው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ሥራው ቴሌታይፕ የሚባለውን የጽሕፈት ማሽን ከሞደም ማገናኘት ነበር። ዘጠኝ እግር ያለው ቅርጿ በ1984 ከአይቢኤም ፒሲ ኤቲ ጋር መጣ። በ1996 የወጣው ዩኤስቢ ቀስ በቀስ ከላፕቶፕ ጎን አባረራት። ከሪሲቨር፣ ከኤሌክትሮኒክ ሚዛን፣ ከቀያሾች ቶታል ስቴሽን፣ ከላቦራቶሪ ማሽን ግን አላባረራትም። ለዚህ ነው ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚለውጥ ኮንቨርተር የምንገዛው።

አንድ የቡና ነጋዴ ሐጂ «የሚዛኑ ቁጥር ኮምፒውተር ላይ አልገባ አለ» ብለው ጠሩኝ። ሰው ሁሉ ሚዛኑ አርጅቷል፣ ይቀየር ብሏቸዋል። «ልጄ፣ ሚዛኑ እንደ ድሮው ይመዝናል» አሉኝ። «እኛ የቀየርነው ኮምፒውተሩን ነው።» ባለሙያ ነን የምንለው ሁሉ ያላየነውን እሳቸው አይተውታል። በዚህ ሥራ የታዘብኩትም ይሄንኑ ነው፤ አሮጌውና አዲሱ አልግባባ ሲሉ ጥፋቱን የምንጭነው በአሮጌው ላይ ነው፣ የታመመው ግን ብዙ ጊዜ አዲሱ ወገን ነው።

አሮጌው ወገን የሚደብቀው ነገር የለውም። ከዘጠኙ እግሮች ለእኛ ሥራ የሚያስፈልጉት ሦስት ናቸው፤ 2 እና 3 ይልካሉ ይቀበላሉ፣ 5 ግራውንድ ነው። ኮንቨርተሩን ከሪሲቨሩ ነቅላችሁ 2 እና 3ን በቁራጭ ሽቦ አገናኙ፣ ላፕቶፑ ላይ የተርሚናል ፕሮግራም ክፈቱና ጻፉ። የጻፋችሁት ፊደል ተመልሶ ከመጣ ኮንቨርተሩ ጤነኛ ነው። የሚያስፈልገው ኬብል ቀጥታ ይሁን የተሻገረ ካላወቃችሁ ቴስተር አንሱ፤ ከ5 አንጻር ኔጋቲቭ ቮልት የሚያሳየው እግር ላኪው ነው። በሁለቱም በኩል ላኪው አንድ ቁጥር ላይ ከሆነ፣ የሚሻገር ኬብል ያስፈልጋችኋል። ይሄን ለማወቅ ኢንተርኔትም የማንም ፈቃድም አያስፈልግም።

አዲሱ ወገን ግን ፈቃድ ይፈልጋል። በኮንቨርተሩ ውስጥ አንዲት ቺፕ አለች፤ ፕሮሊፊክ፣ ኤፍቲዲአይ ወይም ሲኤች340። ፕሮሊፊክ የታይዋን ኩባንያ ነው፤ ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ በገዛችሁት ላይ ስሙ ስለተጻፈ ብቻ ግን ከዚያኛው ታይዋን መጣ ማለት አይደለም። አስመስሎ የተሠራው በዝቷል። ኩባንያው በበኩሉ ድራይቨሩን አስመስሎ የተሠራውንም የራሱን የቆዩ ቺፖችም እንዳይቀበል አድርጎታል፤ ዊንዶውስ ላይ ቢጫ ምልክት ያወጣና ሻጭህን ጠይቅ ይላችኋል። ሻጩን ድሬዳዋ ሄዳችሁ ፈልጉት እንግዲህ! የስኮትላንዱ ኤፍቲዲአይ ደግሞ በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. ከዚህም አልፎ ሄዶ ነበር። በዊንዶውስ አፕዴት የመጣ ድራይቨር አስመስለው የተሠሩትን ቺፖች መለያ ቁጥር ወደ ዜሮ ቀየረው፤ ትናንት ይሠራ የነበረ ኬብል በማግስቱ ኮምፒውተሩ የማያውቀው ሆነ። ጩኸት ሲበዛ ድራይቨሩ ተነሣ። የተጭበረበረው ኩባንያ መናደዱ ይገባኛል። የተቀጣው ግን አስመሳዩ ፋብሪካ ሳይሆን ገዢው ነው።

እኔ ሲኤች340 ያለበትን እመርጣለሁ፤ ርካሽ ነው፣ የሌላ ስምም አይሰርቅም። ፕሮሊፊክ አስቸግሮ ከያዛችሁ የቆየ ድራይቨር መጫን ወይም ሊኑክስ ላይ መሞከር ያዋጣል። አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ዊንዶውስ ለኮንቨርተሩ ኮም 12 የሚል የፖርት ቁጥር ሊሰጠው ይችላል፣ አሮጌ ፕሮግራሞች፣ ሶፍትዌር የምንጭንባቸው ሎደሮችም ጭምር፣ ብዙ ጊዜ ከኮም 4 በላይ አያዩም። ዲቫይስ ማናጀር ገብታችሁ ቁጥሩን አውርዱት። የሐጂም ሚዛን ችግር ይቺው የኮም ቁጥር ነበረች።

ወደ ሪሲቨሩ ስንመለስ፣ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሪሲቨሩ ጠፍቶ ሎደሩን ላፕቶፑ ላይ አስጀምሩ፣ ከዚያ ሪሲቨሩን አብሩት፤ የሚያዳምጠው ገና ሲነሣ ለቅጽበት ብቻ ነው። ፍጥነቱን ደግሞ አስቡት። 4 ሜጋባይት ፋይል በሰከንድ በ115200 ቢት ከስድስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ በ9600 ግን ከአንድ ሰዓት በላይ። መብራት በሚያመላልሰን ከተማ በዚህ መሃል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ሪሲቨሩ የለውም። ኢንቨርተር ያለው ሰው ሪሲቨሩን እዚያ ላይ ይሰካ።

አዳዲሶቹ ሪሲቨሮች ባለ ዘጠኝ እግሯን ሶኬት ትተው ቦርዱ ላይ አራት ፒን ብቻ አስቀርተዋል። እነዚያ 3.3 ቮልት ናቸው። የተለመደውን አርኤስ-232 ኮንቨርተር በቀጥታ ብትሰኩባቸው ከሦስት ቮልት በብዙ የሚበልጥ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ትልኩባቸዋላችሁ፣ ዋናውን ቺፕም ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። ለእነሱ ቲቲኤል የሚባለውን ለይታችሁ ግዙ።

ኬብል የማይፈታው ነገርም አለ። ኤምፔግ-2 ብቻ የሚያነብ የድሮ ሪሲቨር ላይ የቱንም ሶፍትዌር ብትጭኑ በኤምፔግ-4 የሚተላለፍ ቻናል አያወጣም። ዲሹ ወደ ኢትዮሳት፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ በትክክል ቢዞርም ያው ነው። ለደንበኛው ብር ሳትቀበሉ በፊት ንገሩት።

ጭሮም ገለምሶም ያላችሁ ልጆች፣ አንድ ልመና አለኝ። ሶፍትዌሩ ጤነኛ የሆነ ሪሲቨር ለሌላ ብልሽት፣ ለምሳሌ ለፓወር፣ ሲመጣላችሁ፣ ከመመለሳችሁ በፊት በዚያው ኬብል ሶፍትዌሩን ወደ ላፕቶፕ ገልብጡት። የፋይሉን ስም በሞዴሉና በቦርዱ ላይ ባለው ቁጥር ሰይሙት፤ ላዩ አንድ የሆነ ሪሲቨር ውስጡ ሌላ ቦርድ ይዞ ይመጣል። እኔ ያሉኝን ፋይሎች ቴሌግራም ላይ አስቀምጣለሁ፣ የጎደለ ካላችሁ ጨምሩበት።