ጧት የማይነጋበት ክረምት

እናቶችና እህቶች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከስዊድን አገር፣ ከስቶክሆልም ወጣ ብላ ከምትገኝ አነስተኛ ከተማ ነው። ሥራዬ መምህርነት ሲሆን የማስተምረውም አማርኛ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ ክፍል 60 ልጆች አስተምር የነበርኩት ሴት፣ ዛሬ በዚህች ከተማ ያሉኝ ተማሪዎች አምስት ብቻ ናቸው ስላችሁ ሳትስቁብኝ አትቀሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስዊድን፣ እቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገር ልጅ ያንኑ ቋንቋ በትምህርት ቤት እንዲማር የሚፈቅደው ደንብ በሥራ ላይ የዋለው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 ነው። ሆኖም ቢያንስ አምስት ተማሪዎች ካልተገኙ የከተማው አስተዳደር ትምህርቱን የመስጠት ግዴታ የለበትም። እንግዲህ አምስተኛው ልጅ ቀረ ማለት የአራቱም ትምህርት አጠያያቂ ሆነ ማለት ነው። አልደብቃችሁም፣ የኔም እንጀራ ጭምር።

የዚህን አገር ክረምት ለልጆች በአማርኛ ማስረዳት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። እኔ «ክረምት» ስል የሚታየኝ የሐምሌ ዝናብ፣ ጭቃውና የተዘጋው ትምህርት ቤት ነው። እነሱ የሚያውቁት ክረምት ግን በኅዳር ገብቶ እስከ መጋቢት የሚሰነብት፣ ትምህርት የሚጠናበት ወራት ነው። የሰዓቱ ጉዳይማ የባሰ ነው። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትወጣው በኛ አቆጣጠር ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ሲሆን፣ የምትጠልቀውም 9 ሰዓት ሳይሞላ ነው። አንድ ቀን ሰዓት ሳስተምር፣ «ከጧቱ 1 ሰዓት ማለት ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ያህል ሆናት ማለት ነው» ብዬ አስረድቼ ስጨርስ፣ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በመስኮት ወደ ጨለማው ተመለከተና «ታዲያ እዚህ ጧት የለም ማለት ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ በዚህ አገር ተማሪ መምህሩን የሚጠራው በስሙ ነው። አንቱታ የሚባለው ነገር ከቀረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ ልጆቹ በአማርኛም ሲያናግሩኝ «አንቺ» ይሉኛል። «እርስዎ»ን ከሰሌዳ ላይ አስተምራቸዋለሁ፣ ነገር ግን እርስዎ የሚሉት ትልቅ ሰው በአጠገባቸው የለም።

የቤቱን ኑሮ ደግሞ እናንተው ገምቱት። ልጄን ለማልበስ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ካልሲው በካልሲ ላይ፣ ሱሪው በሱሪ ላይ ተደርቦ ጫማውን ካሰርኩ በኋላ ሽንት ቤት እሄዳለሁ ትለኛለች። የእንጀራ ሊጥ በፎጣ ተጠቅልሎ ከማሞቂያው ብረት አጠገብ ካላደረ ኩፍ አይልም። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ቁሌት ነው። መስኮት በማይከፈትበት ወራት ሽንኩርትና በርበሬ ሲቁላላ ሽታው ወፍራሙ ካፖርት ውስጥ ገብቶ ይከርማል። ስለዚህ ምድጃ ከመለኮሴ በፊት ካፖርቶቹን ሰብስቤ መኝታ ቤት እቆልፍባቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ረስቼው፣ በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ለነገሩ እዚህ አገር ሽታ ባይኖርም ሌላ ባዶ ወንበር እያለ ከሰው ጎን የሚቀመጥ የለም።

ባለፈው ጥር የአምስተኛው ልጅ እናት ስልክ ደወለችልኝ። የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ቤት፣ የሌሊት ተራ ነው። «መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልጁ ከእንግዲህ አልሄድም ብሎኛል። እኔም ከሥራ ስገባ እንቅልፍ ይጥለኛል እንጂ ከሱ ጋር የምከራከርበት አቅም የለኝም» አለችኝ።

በመጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር። ቀጥሎ ግን የራሷ ልጅ በአማርኛ ስትጠየቅ በስዊድንኛ የምትመልስላት ሴት ማንን ልትቆጣ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ ነኝ ያቺ ሴት። ደግሞስ ትምህርታችን ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መደበኛው ክፍል አልቋል፣ ውጭው እየጨለመ ነው፣ ጓደኞቹ ፑልካ የሚሉትን የፕላስቲክ መንሸራተቻ እየጎተቱ ወደ ኮረብታው ይሄዳሉ። እሱ ግን ከ«ሀ ሁ» ጋር ይቀመጣል። እኔም በሱ ዕድሜ ብሆን እቀር ነበር።

«አንድ ዓርብ ብቻ ይላኩልኝ፤ መንሸራተቻውንም ይዞ ይምጣ» አልኳት።

የትምህርት ቤቱን ፈቃድ አግኝቼ አምስቱንም ይዤ ወደ ኮረብታው ወጣሁ። የመብራት እንጨቶች ስላሉ ይታያል። ልጆቹ ሲወርዱ ሲወጡ ቆይተው ያ ልጅ ወደቀና ተነሥቶ ልብሱን እያራገፈ፣ «ይሄ ምንድን ነው የሚባለው?» አለኝ። «በረዶ» አልኩት። «ከሥሩ ያለው ጠጣሩስ?» «እሱም በረዶ።» «በበጋ እንደ ጠጠር ከሰማይ የሚወርደውስ?» እሱም በረዶ መሆኑን ስነግረው በስዊድንኛ፣ «እኛ ለሦስቱም ስም አለን፤ አማርኛ ቃል የለውም» አለ።

ብርዱ ካደረሰብኝ ይልቅ ያቺ ንግግር አንገበገበችኝ። ስልኬን አውጥቼ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ደወልኩ። እሷ ዘንድ ሰዓቱ ከኛ በሁለት ሰዓት ስለሚቀድም 11 ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር፤ ፀሐይ ግን ገና አልጠለቀችም። እናቴ ያደገችው መንዝ ነው። የልጁን ጥያቄ ስነግራት እየሳቀች፣ «ምን ማለቱ ነው! ቃል የለውም? በኅዳር እህሉን አቃጥሎት የሚያድረው ውርጭ ነው። በማለዳ ሣሩ ላይ አመድ መስሎ የሚታየው አመዳይ ነው። አጥንት ድረስ ዘልቆ የሚገባው ደግሞ ቁር ነው። ለመሆኑ ልጁ ጋቢ ለብሷል?» አለች።

ልጆቹ ስልኩን ከበው «አመዳይ፣ አመዳይ» እያሉ ጮኹ። እናቴ ሕፃን ሳለች ከብት ስትጠብቅ እግሯን በውርጭ ላይ እንዴት ታሞቅ እንደነበር መንገር ጀምራ፣ መሐል ላይ ስልኩ ጠፋ። በዚህ ብርድ የስልክ ባትሪ እንዲህ ነው፤ ሳይነግር ይሞታል።

በሚቀጥለው ዓርብ አራቱ ልጆች መጥተው አምስተኛውን አጣሁት። መጻፊያ ደብተሩን ላድል ስነሣ በሩ ተከፈተና ከነበረዶ ጫማው ገባ። እንደምን ዋልሽም አላለኝ።

«ለእማማ አልደወልሽላቸውም?» አለኝ። «እግራቸውን እንዴት እንዳሞቁ ሳይነግሩን ቀሩ እኮ።»

ስልኩን በዚያን ቀን በብብቴ ሥር ይዤው ነበር የመጣሁት።